ባለ ዶቃው ልጅ

አንዋር ምሳውን አራት ቤት ይበላ ነበር። መጀመሪያ እናቱ ረሂማ ዘንድ፣ ቀጥሎ እማማ ወለላ ዘንድ፣ ከዚያ ከጀፎረው ማዶ የአናጢው ሚስት ዘንድ፣ በመጨረሻም ዘቢደር ዘንድ። ጀፎረ የሚባለው በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ልጁ ይህን ሜዳ ሲያቋርጥ ሴቶቹ ከየደጃፋቸው ሆነው አንገቱን ያዩ ነበር። አንገቱ ላይ ዶቃ አለች።

ዶቃዋ የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ልጁ ሲርበው አመድማ ትሆናለች፤ ደህና ሲበላ ትሞቅና ወደ አረንጓዴ ታደላለች። በየወቅቱ መባቻ ሰው አልባዋ በራሪ መሣሪያ መጥታ ከጣሪያ በላይ ትቆምና ታነባታለች። በእነርቦ መንደር ካሉት ልጆች ሁሉ ዶቃ የተሰጠው ለአንዋር ብቻ ነው። የየመንደሩን ምግብ የሚቆጣጠረው የማዕድ ጽሕፈት ቤት ከአንድ መንደር አንድ ልጅ ይበቃል ይላል፤ የድስቱን ጣዕም ለማወቅ አንድ ጭልፋ መቅመስ በቂ ነው እንደማለት።

አንዋርን አብሉት ብሎ ያዘዘ ሰው አልነበረም። እነርቦ ውስጥ አንድ ሰው መንደሩን ወክሎ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲሄድ የራሱን አሮጌ ጋቢ ለብሶ አይወጣም። አንዱ ጎረቤት ጋቢ፣ ሌላው ጫማ፣ ሌላው ጃንጥላ ያውሰዋል። ሰውየው ሲመለስ ሁሉም ንብረቱን ይረከባል፤ ያየው እንግዳ ግን እነርቦ የደላው አገር ነው ብሎ ይሄዳል። አንዋርም በውጭ ሰው ዓይን ፊት የሚቆም የመንደሩ መልክተኛ ነበርና የየቤቱን እንቁላል አለበሱት።

እማማ ወለላ የራሳቸውን ድርሻ ሲያቀርቡለት፣ «ሥጋ ለየራስ ነው፤ ጎመንና እንቁላል ግን ሃይማኖት የላቸውም። ብላ የኔ ጌታ!» ይሉታል።

«ጠግቤአለሁ እማማ።»

«አንተ ብትጠግብ አንገትህ አልጠገበችም። ተመልከታት፣ ገና ብጫ ናት።»

በየጓሮው አንድ ምሰሶ ተተክሏል፤ ከምሰሶው ድምፅ ይወጣል። ማለዳ በራሪዋ ቅጠል ቆጥራ ካለፈች በኋላ ድምፁ በለሰለሰ አነጋገር የዕለቱን ይነግራል። ዛሬ የዱባ ቅጠል ይቀቀል። ዛሬ የእንቁላሉ ቅርፊት አይጣል፤ ይፈጭና ገንፎ ላይ ይነስነስ። ከእንሰቱ ግርጌ ያለው እንጉዳይ ደርሷል። ከአጥሩ ሥር ያለው ሳማ ለጋ ነው፣ በጓንት ይቀጠፍ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሴቶቹ ድምፁን እንደ ሹም ያዳምጡት ነበር፤ ኋላ ለመዱትና ይመልሱለት ጀመር። ሳማ ብሉ ሲላቸው እማማ ወለላ ከወዲህ፣ «አንተ ቅጠፈውና ላሳይህ!» ይላሉ፤ ከአጥር ማዶ ሳቅ ይሰማል። ድምፁ አይቀየምም። ትንሽ ቆይቶ ስለ ሳማው ይደግማል።

ጓሮው አልዋሸም፤ ይህን ዘቢደርም ኋላ ላይ አልካደችውም። ቀድሞ ቆጮ ብቻ በልተው የሚያድሩ ልጆች ፀጉራቸው ጠቆረ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለው እብጠት ጎደለ። ለዓመታት ለከብት ይሰጥ የነበረው የዱባ ቅጠል የሰው ምግብ ሆነ። በነፃ የተሰጡት ዶሮዎች ተባዙ። ዘቢደር ራሷ በጠባቡ አጥሯ ውስጥ የምታበቅለው ነገር ቤቷን ይህን ያህል ይመግባል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ያልሠራው ለአራት ልጆች ብቻ ነው። ከነዚህ አንዷ የዘቢደር ልጅ ማራኪ ናት።

ማራኪ ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ ሦስት ዓመት ሞልቷት በእጅ የምትታቀፍ ልጅ ነች። ጎመኑም፣ እንቁላሉም፣ እንጉዳዩም ሆዷ ውስጥ አይረጋም። የሚረጋላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ በራሪዋ ጋሪ ጀፎረው ላይ የምታራግፈው የልጆች ዱቄት። አዛውንቶቹ በቀድሞ ረሃብ የእርዳታ ዱቄት በመኪና ይመጣ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳሉ፤ ዘቢደር ግን ከሰማይ ሲወርድ እንጂ ሌላ አላየችም። ማራኪ የጋሪዋን ጉምጉምታ ስትሰማ እግሯን ማንቀሳቀስ ትጀምራለች። በሞቀ ውኃ የተበጠበጠውን ዱቄት ከጠጣች በኋላ ላብ ላብ ይላትና ትተኛለች። እናቷ ያን ጊዜ የራሷን ሥራ ትሠራለች።

ዶቃዋን ይዛ የመጣችው ትርንጎ ነበረች። ትርንጎ የዘቢደር ባል እህት ናት። እናቷ ስትሞትባት ገና ጡት መጣሏ ነበር፤ ዘቢደር አዲስ ሙሽራ ሆና ወደዚያ ቤት ስትገባ በመጀመሪያው ሳምንት ያዘለችው የራሷን ልጅ ሳይሆን ትርንጎን ነው። አሳደገቻት፣ አስተማረቻት። ባሏ ከተማ ሱቅ ውሎ የሚልከው ባነሰ ጊዜ እንኳ የትርንጎ ደብተርና ጫማ ተጓድሎ አያውቅም። ልጅቷ አድጋ የማዕድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሆነች፤ በአጠገብ ካለው ጣቢያ እየተመላለሰች ስድስት መንደር ትጠብቃለች። ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ በጀፎረው ስትመጣ ዘቢደር ከደጃፏ ሆና ትቆጣታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ከስተሻል! የሰው ልጅ ስትመዝኚ ራስሽን ረሳሽ?»

«እትዬ፣ እኔ በዶቃ አልለካም።»

«እኔ በዓይኔ እለካሻለሁ። ግቢና ቅመሺ።»

ዶቃዋ አንዋር አንገት ላይ የታሰረች ዕለት ዘቢደር እዚያው ነበረች። «ለምን እሱ?» ብላ ጠየቀች። ትርንጎም «ዕጣው ወጣለት» አለች። ከዚያም ዶቃዋ ዓመቱን አረንጓዴ ሆና ከዘለቀች እነርቦ ራሱን የቻለ መንደር ይባላል ብላ አስረዳች።

«ከተባለስ በኋላ?» አሉ እማማ ወለላ።

«ጥሩ ነገር ነው፣ እማማ።»

ያ መልስ በቂ ሆኖ አገኙት። እያንዳንዱ የጎደለበትን አሰበ። አንዱ መንገድ ይሠራልናል አለ፤ ሌላው የልጆች ሐኪም ይላክልናል አለ። ሁለት ኮረብታ ተሻግሮ ያለችው ጨዛ መንደር ሁለት ዓመት ቀድማ ተነሥታ ወደ ማዕድ ከተማ ተወስዳለች፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ማዕድ ከተማ ውስጥ ምግብ ከግድግዳ ይወጣል፤ ማንም አይራብም፣ ማንም አይቆፍርም። የጨዛ እንሰት ባለቤት አጥቶ በስብሶ ቆሟል። የእነርቦ ሰዎች ግን ያን ከዶቃዋ ጋር አላያያዙትም። የጨዛ ሰው በስንፍናው ተነሣ ሲባል ነበር የሚያውቁት።

እንግዲህ ዘቢደር ከሁለቱ ዶሮዎቿ የምታገኘውን እንቁላል ለአንዋር ትቀቅል ጀመር። ማራኪ አይረጋላትም፤ ለምን ይባክናል? አንዋርም በልቶ ሲጨርስ ዶቃዋን በጣቱ ይዳስስና «ሞቀች፣ እትዬ ዘቢደር» ይላታል። እሷም ደስ ይላታል።

በሰኔ መባቻ በራሪዋ መጣች፤ ከረሂማ ጣሪያ በላይ ቆመች፤ ሄደች። ከሰዓት በኋላ በየጓሮው ያለው ድምፅ በአንድ ጊዜ፣ «እነርቦ ራሱን የቻለ መንደር ሆኗል። እንኳን ደስ አላችሁ» አለ።

ጀፎረው ላይ ድግስ ሆነ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የየራሱን አረደ። አንዋርን ከትከሻ ወደ ትከሻ አቀባበሉት። ከጣቢያው የመጡ አንድ ረጅም ሰውዬ አጭር ንግግር አደረጉ፤ እነርቦ በገዛ ጓሮው በቅጠልና በእንቁላል እንደቆመ፣ ይህም ለሌሎች መንደሮች ምሳሌ እንደሆነ ተናገሩ። ትርንጎ ከጎናቸው ቆማ ነበር። ዘቢደር ማራኪን ታቅፋ ከሩቅ ስታያት በሆዷ «ያዘልኳት ልጅ!» አለች። ትርንጎ ግን ወደሷ አላየችም።

ሐሙስ ጋሪዋ አልመጣችም።

ዘቢደር በመጀመሪያ ነፋሱን ምክንያት አደረገች። ቤት ውስጥ የተረፈውን ዱቄት ከጆንያው ጥግ አራገፈችና ለማራኪ አቀጠነችላት። በሚቀጥለው ሐሙስም ማራኪ ጆሮዋን ወደ ሰማይ አቅንታ ዋለች። ከሰማይ ምንም አልወረደም። ዘቢደር ወደ ጓሮዋ ወጥታ እስከዚያ ቀን አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ምሰሶውን ጠየቀችው።

«ዱቄቱስ?»

«እነርቦ ራሱን የቻለ መንደር ነው» አለ ድምፁ። «እንኳን ደስ አላችሁ። ዛሬ የዱባ ቅጠል ይቀቀል።»

በማግሥቱ ማራኪን ለረሂማ አደራ ሰጥታ ወደ ጣቢያው ወረደች። ጣቢያው ከኮረብታው ሥር ያለ ነጭ ቤት ነው። ትርንጎን ብቻዋን አገኘቻት፤ የሻይ ብርጭቆ በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። ዘቢደርን ስታይ ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ ለመሳም ተጠጋች። ዘቢደር ጉንጯን አልሰጠቻትም።

«ዱቄቱ የት ሄደ?»

«እትዬ፣ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ራሱን የቻለ መንደር ዱቄት አያገኝም። ወደሌላ ይሄዳል።»

«ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?»

ትርንጎ ብርጭቆዋን ወደ ጎን ገፋች።

«ዶቃዋን ስታስሪ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ዘቢደር አሁን ተቀመጠች። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለነበር ትርንጎን ቀና ብላ ማየት ነበረባት። «ልጁን የምናበላው እኛ እንደሆንን ታውቂያለሽ። አንቺው ቤቴ በልተሽ፣ እንቁላሉን ስልጥለት አይተሻል። መንደሩ እንዲህ አልጠገበም፣ የጠገበው አንዱ ነው ብለሽ መናገር አትችይም ነበር?»

«እችል ነበር።»

«ዕጣ ነው ያልሽው ውሸት ነው አይደል?»

«ዕጣው ለሌላ ልጅ ነበር» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ። «ለአናጢው ትልቅ ልጅ። እሱ አባትና እናት አሉት፤ ማንም አያጎርሰውም ነበር። አንዋር ግን የባልቴት ልጅ ነው፤ አባቱን ሁሉም ሰው ይወድ ነበር። እኔ የእነርቦ ልጅ ነኝ፣ እትዬ። ዶቃዋን የማን አንገት ላይ ባስራት ሁላችሁም እንደምታበሉት አውቅ ነበር።»

«ለምን?»

«ጨዛን አይተሻል። ከዱቄት ሳይላቀቅ ሰባት ዓመት የሞላው መንደር ይነሣል። እነርቦ በዚህ ዓመት ሰባት ይሞላው ነበር። ዶቃዋ አመድ ብትሆን ወደ ማዕድ ከተማ የሚጭኗችሁ መኪናዎች ይመጡ ነበር፤ እንሰታችሁም እዚያው ይበሰብስ ነበር። እማማ ወለላ ግድግዳ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሲበሉ ይታይሻል?»

«እና ማራኪን ሰጠሻቸው።»

«እንዲህ አትበይኝ!»

«ምን ልበል? አስተምሪኝ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

«አራት ልጆች ናቸው» አለች ትርንጎ። «አውቃለሁ። ሌት ተቀን አስቤዋለሁ። በአንድ በኩል አራት ልጅ፣ በሌላ በኩል መንደሩ በሙሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም? ቁጭ ብለን በመከርን ነበር። ለእኔ እንኳ፣ ለእኔ ለብቻዬ?»

«ብነግርሽ ማራኪን ትመርጪ ነበር።»

«እመርጥ ነበር።»

«ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ።»

ዘቢደር ለመነሣት የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ትርንጎ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መለሰችው። በሩ ላይ ሲደርሱ ሳትጠየቅ ተናገረች፤ ምናልባት ከዚያ በላይ መሸሸግ ስላቃታት ይሆናል።

«በመስከረም ደግሞ ይነበባል። ያን ጊዜ ዶቃዋ አመድ ሆና ከተገኘች ዱቄቱ ወዲያው ይመለሳል። መኪናዎቹም አብረው ይመጣሉ። ይህን አሁን ነግሬሻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

«መራጯን እኔን ልታደርጊኝ ነው እንግዲህ» አለች ዘቢደር። ከዚያ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ረሂማ ማራኪን በጀርባዋ አዝላ እሹሩሩ ትላለች። «ቡላ በማንኪያ ጫፍ አቀመስኳት፤ መለሰችው» አለች። ዘቢደር ልጇን ተቀበለች። ማራኪ ቀላል ነበረች፤ ጠዋት ከነበረችው የቀለለች መሰላት። ረሂማ «ምን አሉሽ?» ስትላት «ሰው አጣሁ» ብላ መለሰች።

እሑድ አንዋር እንደልማዱ መጣ። በሌሎቹ ቤቶች በልቶ ስለነበር ዶቃዋ ብጫ ሆናለች፤ የሚቀራት የዘቢደር እንቁላል ነው። እንቁላሉ ተቀቅሎ ማሰሮው ውስጥ ነበር። ዘቢደር ማሰሮውን አየችው፤ ጥጉ ላይ የተኛችውን ማራኪንም አየች። ከዚያ የጎመኑን መረቅ በጣሳ ቀድታ ሰጠችው።

ልጁ ጠጣ። ጣቱን ዶቃዋ ላይ አደረገ።

«አልሞቀችም፣ እትዬ ዘቢደር።»

«ትሞቃለች። ሂድ ተጫወት።»

በማግሥቱም መረቅ ሰጠችው። ሁለት ሦስት ቀን ብቻዋን የምታደርገው መስሏት ነበር። ረቡዕ ግን አንዋር ወደሷ ቤት ቀደም ብሎ መጣ፤ የአናጢው ሚስት ቤት የለችም አለ። ዘቢደር ጎንበስ ብላ በበሩ ስታይ ከማዶ የአናጢው ቤት ጭስ ሲወጣ ተመለከተች። የአናጢው ሚስት ታናሽ ልጅም በዱቄቱ ብቻ ከሚያድጉት አራቱ አንዱ ነው። ትርንጎ ለማንም አልተናገርኩም ያለችው ወይ ይህም ውሸት ነበር፤ ወይም ሴትየዋ በራሷ አስባ ደርሳበት ነበር። ለማራኪ ያው ነው፤ ለአንዋርም ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ዶቃዋ ቀስ እያለች ደበዘዘች። ስለዚህ ነገር በመንደሩ ውስጥ አንድም ቃል አልተነገረም። እማማ ወለላ ብቻ ሳይሰለቹ ሰጡት፤ ያላቸው ጎመን ግን ብቻውን አይበቃም። ምሰሶው በየማለዳው ስለ ዱባ ቅጠል ተናገረ። ከአጥር ማዶ ሳቅ አልተሰማም።

ጳጉሜ ሊገባ ሲል በአንድ አመሻሽ ረሂማ ልጇን አቅፋ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ግቢ ስትባል አልገባችም።

«ልጄ ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም።»

«እንግዲያ ምን ሆናችሁ? እንደ ለምጻም ከየደጁ ይመልሱታል። የቤት ሰው የለም ይሉታል። ምን ሰርቆ ነው ብዬ ልብሱን ፈተሽኩ እኮ፣ ዘቢደር! የገዛ ልጄን ኪስ!»

ዘቢደር ውሸት ልትፈልግ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ሁሉንም ነገረቻት፤ ዱቄቱን፣ ዕጣውን፣ መስከረምን። ረሂማ ጣልቃ ሳትገባ ሰማች። ከኋላ ማራኪ በቀጭን ድምፅ እንደ ድመት ልጅ ታቃስት ነበር፤ ረሂማ ወደዚያ አየች፤ ብዙ አየች።

«እኔ ለአባቱ ብላችሁ መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ሲያጎርሰው አየሁና አላህ አባቱን ቢወስድበት አገር ሰጠው ብዬ አመሰገንኩ። በየሶላቴ ስማችሁን እየጠራሁ ዱዓ አደርግ ነበር። ለካ የምታበሉት ዶቃዋን ኖሯል።»

«ልጁንም ነው፣ ረሂማ። ልጁንም።»

«ልጁ'ማ ይኸው አለ።»

ረሂማ አንዋርን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረችው። ያን ያህል ትልቅ ልጅ ታቅፎ መሄድ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ግን አልከበዳትም።

«እስከ መስከረም ስንት ቀረው?» አለች።

«አንድ ሳምንት ቢሆን ነው።»

«እንግዲያስ ከነገ ጀምሮ ወደማንም አይመጣም። እኔው በራሴ እጅ ምግቡን አሳንስበታለሁ። ማጣትን ሰው ደጅ ቆሞ ከሚማረው ከእናቱ ይማረው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጅሽ እንድትተርፍልሽ እመኛለሁ፤ ከልቤ ነው። መኪናው ላይ ስንሳፈር ግን ከጎኔ እንዳትቀመጪ።»

ዞራ ሄደች። አንዋር በእናቱ ትከሻ ላይ አገጩን አሳርፎ ወደኋላ ያይ ነበር። የተባለው አልገባውም፤ ዘቢደርን ግን ሁልጊዜ ይወዳታል።

«ነገ እመጣለሁ፣ እትዬ ዘቢደር» አላት።

«ና» አለችው።